«የመከሰሻ ዕድሜ ዝቅ ይበል» ሲባል የትኛው ዕድሜ ነው?

ወንጀል የሚፈጽሙ ልጆች የሚከሰሱበት ዕድሜ ይውረድ የሚለው ክርክር የሚምታታው ሁለት የተለያዩ ገደቦች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው።

አንዱ የወንጀል ኃላፊነት የሚጀምርበት ዕድሜ ነው። ከዚያ በታች ያለ ልጅ ሰው ቢገድልም በወንጀል አይከሰስም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ በ2019 እ.ኤ.አ. ይህ ገደብ ቢያንስ 14 ዓመት እንዲሆን መክሯል። ሌላው ልጁ እንደ አዋቂ የሚዳኝበት ዕድሜ ነው። ለግድያና ለመሳሰሉት ከባድ ወንጀሎች የሚቀርቡ የሕግ ረቂቆች ብዙ ጊዜ የሚነኩት ይህንን ሁለተኛውን ነው። የ16 ዓመት ልጅ እኮ ድሮም ይከሰስ ነበር! የሚለወጠው የሚቀርብበት ችሎት፣ የቅጣቱ ጣሪያና የሚታሰርበት ቦታ ነው።

ረቂቁን ስታነቡ የልጁ ዕድሜ የሚለካው በየትኛው ቀን እንደሆነ ፈልጉ። ትክክለኛው ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀን ነው፤ የተያዘበት ወይም የተፈረደበት ቀን ከተወሰደ፣ ምርመራ የጓተተበት ልጅ ሳያውቀው «አዋቂ» ሆኖ ያርፈዋል። የልደት ማስረጃ በሌለበት የሚታዘዘው የአጥንት ምርመራም ግምት እንጂ ቁርጥ ያለ ልኬት አይደለም፣ በዓመታት ሊስት ይችላል። ስለዚህ ጥርጣሬ ሲኖር ለልጁ በሚጠቅም መንገድ ይተረጎማል።

ገደቡ ምንም ያህል ቢወርድ ደግሞ የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 37 እንደጸና ይቆያል፦ ከ18 ዓመት በታች ሳለ በፈጸመው ወንጀል ማንም በሞት፣ ወይም የመፈታት ዕድል በሌለው የዕድሜ ልክ እስራት አይቀጣም።