ሙሊናላክታ፦ ስለ አንድ የገጠር ክለብ የሚወራውና እውነታው

እሑድ ዲሴምበር 9 ቀን 2018 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአየርላንድ ተላሞር ከተማ የጌሊክ ፉትቦል የፍጻሜ ጨዋታ ነበር። ሙሊናላክታ ቅዱስ ኮሎምባ የተባለው የገጠር ክለብ የደብሊኑን ኃያል ኪልማከድ ክሮክስን 1-8 ለ 1-7 ረትቶ የሌንስተር ክፍለ ሀገር የክለቦች ዋንጫን ወሰደ። ከዚያ በፊት ከሎንግፎርድ ካውንቲ (ካውንቲ በክፍለ ሀገር ሥር ያለ አውራጃ ነው) ይህን ዋንጫ ያነሣ ክለብ አልነበረም። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ግን ብዙ ነገር ተጣሞበታል። ክለቡን ስለምወደው የተጣመውን ላቃና።

«1-8 ለ 1-7? ውጤቱ በስሕተት የተጻፈ ነው»

ስሕተት የለበትም። ጌሊክ ፉትቦል እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም። በአንድ ወገን 15 ተጫዋች ይሰለፋል፤ ኳሷን በእጅ መያዝ ይፈቀዳል፤ ይዞ ከአራት እርምጃ በላይ መሮጥ ግን አይቻልም፤ ወይ መሬት ላይ ማንጠር፣ ወይ በእግር ጫፍ መትቶ ወደ እጅ መመለስ ያስፈልጋል። የጎሉ ቋሚዎች ከአግዳሚው በላይ ረዝመው ይወጣሉ። ኳሷ ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ ከገባች ጎል ነው፤ ሦስት ነጥብ ያስገኛል። ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መካከል ካለፈች ደግሞ በ2018 በነበረው ደንብ አንድ ነጥብ ነበር። ስለዚህ 1-8 ማለት አንድ ጎልና ስምንት ነጥብ፣ በድምሩ 11 ነው። ኪልማከድ ክሮክስ 10 ነበረው። ልዩነቱ አንዲት ነጥብ ብቻ!

ጨዋታውን የሚመራው ማኅበር በ1884 ተርልስ በተባለች ከተማ የተመሠረተ ነው። ኸርሊንግ የሚባለውም የዱላ ጨዋታ በዚሁ ማኅበር ሥር ነው፤ ያየው ኢትዮጵያዊ ሁሉ የገና ጨዋታ ትዝ ይለዋል።

«ሙሊናላክታ ትንሽ ከተማ ናት»

ከተማስ ብትሆን ጥሩ ነበር። ሙሊናላክታ የአንድ አጥቢያ ግማሽ ናት። አጥቢያውን የሎንግፎርድና የካቫን ካውንቲዎች ወሰን ለሁለት ይከፍለዋል። ከወሰኑ ወዲያ ያሉት ምዕመናን ጋውና በሚባለው ክለብ ለካቫን ይጫወታሉ፤ ከወሰኑ ወዲህ ያሉት ደግሞ ሙሊናላክታ ናቸው። በአየርላንድ ገጠር ክለብ የሚቆመው በአጥቢያ ነው። ሰው የሚጫወተው ለተጠመቀበትና ፊደል ለቆጠረበት ሰፈር ነው። እዚህ ያ አጥቢያ እንኳ ሙሉ አልነበረም፤ በግማሹ የሚኖረው ሕዝብ ከአምስት መቶ አይበልጥም። ከዚህ ላይ ሕፃኑን፣ አረጋዊውንና ሴቶቹን ቀንሱና ለዋናው የወንዶች ቡድን ምን ያህል ሰው እንደሚቀር አስቡት። በሌላው ወገን የቆመው ክለብ በደብሊን ደቡባዊ ዳርቻ በሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት፣ የመላ አየርላንድን የክለቦች ዋንጫ ሁለት ጊዜ ያነሣ ነበር።

«ዕድል ቀንቷቸው ነው»

በጣም የሚያሳዝነኝ ይኸኛው ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ጋሪ ሮጀርስ በፍጹም ቅጣት ምት ያስቆጠራት ጎል ውጤቱን እንደገለበጠች እውነት ነው። ሰውም እሷን ብቻ ያስታውሳል። ነገር ግን ወደ ክፍለ ሀገሩ ውድድር ለመግባት መጀመሪያ የካውንቲን ሻምፒዮንነት ማግኘት ግድ ነው። ሙሊናላክታ የሎንግፎርድን ዋንጫ በ1950 ካነሣ በኋላ 66 ዓመት ጠብቋል። በ2016 አገኘው፤ በ2017 ደገመው፤ በ2018 ሠለሰው። ተላሞር የደረሰው እንግዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ በካውንቲው የሚረታው ያጣ ቡድን ነው። አሠልጣኙ ሚኪ ግራሃም የመጣው ከወሰኑ ማዶ፣ ከካቫን ነው። እሱም ቢሆን በ2020 የካቫንን ካውንቲ ቡድን ይዞ የአልስተር ክፍለ ሀገር ሻምፒዮን አድርጎታል። የዚህን ሰው ሥራ ዕድል ማለት ግፍ ነው።

«የመላ አየርላንድ ሻምፒዮን ሆነዋል»

አልሆኑም። በ2019 መጀመሪያ በግማሽ ፍጻሜው በኬሪ ካውንቲው ዶክተር ክሮክስ ክለብ ተሸንፈዋል። ዋንጫውን የወሰደው የጎልዌዩ ኮሮፊን ነው፤ እሱም የገጠር ክለብ ነው።

«ተጫዋቾቹ ደመወዝ ይከፈላቸዋል»

ማንም አይከፈለውም። 82,300 ሰው በሚይዘው የክሮክ ፓርክ ስታዲየም የሚጫወቱት የካውንቲ ኮከቦች እንኳ ሰኞ ጠዋት ወደ መምህርነታቸው፣ ወደ እርሻቸው፣ ወደ ቢሯቸው ይመለሳሉ። የተጫዋች ግዢና ሽያጭ የሚባል ነገር የለም። ሀብታም ክለብ የአጥቢያውን ጎበዝ ልጅ በገንዘብ ሊያስኮበልል አይችልም።

«በገጠር ክለብ የሚጫወተው ሁሉ እዚያው የሚኖር ገበሬ ነው»

የገጠር አየርላንድ ወጣት ለትምህርትና ለሥራ ወደ ደብሊን ይሄዳል፤ ከሎንግፎርድም ብዙው እንዲሁ ነው። በደንቡ መሠረት መኖሪያውን የቀየረ ሰው ወደሚኖርበት ሰፈር ክለብ መዛወር ይችላል፤ የሚከለክለው የለም። ብዙዎቹ ግን አይዛወሩም። ከሥራ ወጥተው፣ በክረምት ጨለማና ዝናብ፣ ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ መንገድ ነድተው ለልምምድ አገር ቤት ይገባሉ፤ ሌሊቱን ተመልሰው ጠዋት ሥራ ላይ ይገኛሉ። ለገንዘብ ቢሆን ማን ያደርገዋል?

«እንዲህ ካሸነፉ የገጠር ክለቦች ደኅና ናቸው ማለት ነው»

ደኅና አይደሉም። በብዙ ቦታ የአጥቢያው ልጆች ቡድን መሙላት ስላልቻሉ በታዳጊ ደረጃ ትናንት ባላንጣ ከነበረው የጎረቤት ክለብ ጋር ተቀላቅለው ይጫወታሉ። እንደ ሙሊናላክታ ባለ ቦታ ሂሳቡ ጨካኝ ነው፤ አንድ ቤተሰብ ሦስት ወንድ ልጆቹን ይዞ ወደ ከተማ ከገባ፣ ከ15ቱ ሦስቱ በአንድ የዕቃ መጫኛ መኪና ሄዱ ማለት ነው።