ቢላዋ ይዛ ደጃፍ ላይ የቆመችው

በቅርቡ የደረጃ እድገት ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ቦታው የቡድን መሪነት ነው። ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ ሁለት ዓመት ሙሉ በተጠባባቂነት ያንኑ ሥራ ስትሠራ ቆይታለች። ፋይሏ ሲገለጥ አንዱ አባል ፈገግ ብሎ «ጎበዝ ናት፤ ግን ያው ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አለ። ሳቅን። ሁለቱ ሴት አባላትም ሳቁ። ቦታው ለወንዱ ሄደ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ «የአመራር ብቃት» ተብሎ ተጻፈ።

እኔ ይህን ተረት የማውቀው ከዶሮ ጋር ነው። ባደግኩበት ገጠር ሴት አታርድም። ጫጩቱን ከጭልፊት ጠብቃ፣ ጥሬ በትና፣ ማታ ማታ ቆጥራ ቆጥ ላይ የምታሰፍረው እሷ ናት። በዓል ሲደርስ ግን ዶሮውን በአንድ እጇ፣ ቢላዋውን በሌላው ይዛ ወንድ እስኪያልፍ ደጃፍ ላይ ትቆማለች። ማንም ይሁን፣ ብቻ ወንድ ይሁን።

አንድ የፋሲካ ዋዜማ ያለፈው ወንድ እኔ ነበርኩ፤ የ8 ዓመት ልጅ። ጎረቤታችን ባልቴት «ና እስቲ ልጄ፣ ባርክልኝ» አሉኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ክንፉን በእግሬ እንዴት እንደምረግጥ ያሳዩኝ እሳቸው፣ አንገቱን ወጠር አድርገው የያዙልኝ እሳቸው፣ «በስመ አብ በል፤ በል አሁን ሳብ!» ያሉኝም እሳቸው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። በፈላ ውሃ ነክረው፣ ነጭተው፣ 12 ብልት አውጥተው ሲጨርሱ እናቴን «ልጅሽ አረደልኝ» አሏት። ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

ተረቱ የተወለደው እዚያ ደጃፍ ላይ ነው ባይ ነኝ። ከሞፈርና ቀንበር ጋር የሚያያይዙት አሉ፤ አይዋጥልኝም። እርሻ መጀመሪያ ነው፣ ማለቂያ አይደለም። ደግሞ ልብ በሉ፣ ተረቱ «አታውቅም» አይልም፤ «ብታውቅ» ነው የሚለው። ዕውቀቱን ለእሷ ትቶ የመጨረሻዋን ቅጽበት ብቻ ነው ለወንድ የሚሰጠው። የመጀመሪያዋ ተናጋሪም ሴት ናት እላለሁ፤ ፀሐይ ላይ መቆም የሰለቻት። ምስክር ጥራ ካላችሁኝ ዶሮውን ነው የምጠራው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዬል ተመራማሪዎች ጥናት ትዝ ይለኛል። ለላቦራቶሪ ኃላፊነት የቀረበ አንድ ዓይነት ማመልከቻ ለ127 የሳይንስ መምህራን ተላከ፤ ልዩነቱ ግማሹ ላይ «ጆን»፣ ግማሹ ላይ «ጄኒፈር» መባሉ ብቻ። ጆን የተሻለ ብቁ ተባለ፣ ከፍ ያለ ደመወዝም ታሰበለት። ሴቶቹ መምህራንም እንደ ወንዶቹ ነው የፈረዱት። ያን ቀን የሳቅነው ሁሉ ክፉ ሆነን አይመስለኝም፤ ዓይናችን መንገድ ላይ የሚያልፈውን ወንድ መፈለግ ለምዷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥርና በሥራ ዕድገት እኩል መብት አላቸው ካለ ከ1987 ጀምሮ ስንት ዓመቱ!

እባካችሁ፣ ተረቱን ስብሰባ ላይ የምታመጡ ሰዎች፣ ሴት ይጎድላታል ለማለት ከሆነ ሌላ ተረት ፈልጉ። «ተጠባባቂ» የሚለውን ማዕረግስ ማን ይሆን ያወጣው? ያቺ ሴት ሁለት ዓመት ቢላዋ ይዛ ነው የቆመችው። አዲሱ ቡድን መሪ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ዛሬም ጠዋት ወንበሯ ጋ ጎንበስ ብሎ «ይቺን እንዴት ነበር የምትሠሪያት?» ሲላት ሰማሁት።