ፌርትሬድ ማለት ምን ማለት ነው?

ፒያሳ ቡና ልገዛ ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ ያለችው ልጅ የተቆላ ቡና ከረጢት ገልበጥ አድርጋ ሰማያዊና አረንጓዴውን የፌርትሬድ ምልክት አየች። «ይሄ ማዳበሪያ ያልነካው ማለት ነው አይደል?» አለችኝ።

አይደለም። የምትለው ኦርጋኒክ ነው፤ ምልክቱም ሌላ ነው። ፌርትሬድ በዋናነት ስለ ዋጋ ነው።

በመጀመሪያ የወለል ዋጋ አለ። ለታጠበ አረቢካ ቡና በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ተመን በፓውንድ፣ ግማሽ ኪሎ ለማይሞላ ቡና ማለት ነው፣ 1.80 ዶላር ነው። የዓለም ገበያ ቢወድቅም ከገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚገዛው ነጋዴ ከዚህ በታች አይከፍልም። ገበያው ከበለጠ የገበያውን ይከፍላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፕሪሚየሙ፣ ማለትም በዋጋው ላይ የሚጨመረው ገንዘብ፣ ላይ ነው። በፓውንድ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ይጨመራል። ይህ ገንዘብ በቀጥታ ገበሬው ኪስ አይገባም። ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሂሳብ ውስጥ ይገባል፤ አባላቱ በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ይሰጡበታል። ከ20ው ቢያንስ 5ቱ ለጥራትና ለምርታማነት መዋል አለበት። በቀረው የመማሪያ ክፍል ይሠሩበታል፣ ውሃ ያወጡበታል። ውሳኔው የራሳቸው መሆኑ ለኔ ትልቁ ቁም ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ምልክቱ ስለ ቡናው እንጂ ስለ ሱቁ አይናገርም። ቡናውን የምትመዝንልህ ልጅ ስንት እንደሚከፈላት ከረጢቱ ላይ አታገኘውም።