መዋቅራዊ ፕላን ምንድን ነው? ስለዚያ ባለቀለም ካርታ

«ቦታው በማስተር ፕላኑ ቅይጥ ነው። ገዝተህ ጂ ፕላስ ሰባትህን ማውጣት ነው።»

ይህንን ከደላላ ብሰማው አልፈርድም፤ እንጀራው ነው። ሰሞኑን ግን «የሪል እስቴት አማካሪ ነኝ» የሚል ሰው ስልኩ ላይ የተጫነ የከተማ ፕላን ካርታ ከፍቶ፣ ቀለሙን በጣቱ እየነካ ይህንኑ በቪዲዮ ሲያስተምር አየሁ። ካርታው የመሬት አጠቃቀሙን በቀለም ይለያል፤ መኖሪያው አንድ ቀለም፣ መኖሪያና ንግድ የሚደባለቁበት «ቅይጥ» ሌላ ቀለም። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ስለ ፕላን የማያወራ የለም። ማውራቱ ጥሩ ነው። ችግሩ ሰው በዚህ ወሬ ቀብድ መክፈሉ ነው።

በ574/2000 የከተማ ፕላን አዋጅ ሁለት ዓይነት የከተማ ፕላን አለ። መዋቅራዊ ፕላን ከተማውን በሙሉ ያያል። የአካባቢ ልማት ፕላን፣ እኛ ኤልዲፒ የምንለው፣ ሰፈር ድረስ ይወርዳል። ሰው «ማስተር ፕላን» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ማለቱ ነው። በስሙ አልጨቃጨቅም።

የምጨቃጨቀው ቀለሙ እንደ ፈቃድ ሲቆጠር ነው። መዋቅራዊ ፕላን የሚናገረው ከተማው ወዴት እንደሚያድግ፣ ዋና ዋናዎቹ የመሬት አጠቃቀም ምድቦች የት እንደሚያርፉ፣ ትልልቆቹ መንገዶች በየት እንደሚያልፉ፣ የትኛው አካባቢ መልሶ እንደሚለማ ነው። የሕንፃ ከፍታ፣ የቤት ዓይነት፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ክፍት ቦታ በዝርዝር የሚታየው ኤልዲፒው ላይ ነው። ደግሞም አዋጁ መዋቅራዊ ፕላኑን አስገዳጅ የሚያደርገው ከማብራሪያ ጽሑፉ ጋር ነው። «ቅይጥ» ማለት ምን ከምን ጋር፣ በምን ያህል መጠን እንደሆነ ያለው እዚያ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ጽሑፉ ግን በቴሌግራም አይዞርም። የሚዞረው ሥዕሉ ነው።

መዋቅራዊ ፕላኑን የሠርግ መጥሪያ እናድርገው። መጥሪያው አዳራሹን ይነግራችኋል፤ የት እንደምትቀመጡ አይነግራችሁም። ወንበሩን የደለደለው ኤልዲፒው ነው። አስተናጋጁ መጥቶ «እዚህ ጋ» ሲላችሁ የፕላን ስምምነት (ቦታችሁ ላይ ምን መገንባት እንደሚቻል ቢሮው የሚሰጠው ማረጋገጫ) አገኛችሁ ማለት ነው። ሳህን ስታነሱ የግንባታ ፈቃድ ደረሰ። እዚህ ድረስ ቀላል ነው። አሁን የሊዝ ውላችሁን አስቡ። ውሉ «ለመኖሪያ» የሚል ከሆነ እናንተ ጾመኛ ናችሁ። ክትፎው ቀርቧል፣ ጎናችሁ ያለው ይበላል፣ እናንተ ግን የገባችሁት ቃል አለ። ጾሙ የሚፈታው የአገልግሎት ለውጥ ጠይቃችሁ ሲፈቀድላችሁ እንጂ አዳራሹ ውስጥ ክትፎ ስላለ አይደለም። የወንዝ ዳርና የአውሮፕላን ማረፊያ ገደቦች ደግሞ ሐኪም ናቸው። ጾሙ ቢፈታም ጨው ይከለክላሉ። (ምሳሌዬ ማንከስ ጀምሯል፤ ልተወው።)

አውሮፕላን ማረፊያ ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን መመዘኛ መሠረት በትልልቅ ማረፊያዎች ዙሪያ፣ በ4 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ውስጥ፣ ከማረፊያው ከፍታ 45 ሜትር በላይ ያለው አየር እንቅፋት እንዳይገባበት ይጠበቃል። ልኬቱ የሚጀምረው ከእናንተ ግቢ አይደለም፤ ከማረፊያው ነው። መሬታችሁ ከማረፊያው 20 ሜትር ከፍ ካለ የቀራችሁ 25 ነው። ቦሌ ዙሪያ ለሚገነባ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ባለቀለሙ ካርታ ላይ ግን ምልክቱን ላታዩት ትችላላችሁ።

«አማካሪው» ይባስ ብሎ ካርታውን በሁለት ጣት እያሰፋ «መንገዱ አጥሩን አይነካውም» አለ። እዚህ ላይ ስልኬን ላስቀምጥ ነበር። ካርታው በ1፡25,000 የተሠራ ነው እንበል። እሱ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የወፈረ መስመር መሬት ላይ 12 ሜትር ተኩል ይሆናል። አንድ ግቢ ይውጣል። ስልክ ላይ ማጉላት መስመሩን ያወፍረዋል እንጂ ትክክለኛ አያደርገውም። ደግሞ መዋቅራዊ ፕላን የሚያሳየው ዋና ዋናዎቹን መንገዶች ነው። አጥራችሁን ሦስት ሜትር ወደ ውስጥ የሚያስገባው የሰፈር መንገድ ኤልዲፒው ላይ ነው ያለው። «ማስተር ፕላን አይነካውም» የሚለው ሻጭ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ኤልዲፒው ይነካዋል ወይ የሚለውን ግን ማንም አልጠየቀውም።

ከኮኦርዲኔት ጋር ለሚውል ሰው ደግሞ ሌላ ራስ ምታት አለ። የይዞታ ማረጋገጫው ላይ የማዕዘኖቹ ቁጥር ተጽፏል። ቦሌ አካባቢ ከሆነ ኤክሱ በ47፣ ዋዩ በ99 ይጀምራል። የቆዩት ብዙዎቹ የተለኩት አዲንዳን በሚባለው የካርታ ልኬት መነሻ (ዳተም) ነው። ጉግል ኧርዝ የሚሠራው ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ሌላ መነሻ ነው። ቁጥሩ ሳይቀየር እንዳለ ከገባ ቦታው ከመቶ ሜትር በላይ ይሸሻል። ከዚያ «ቦታዬ አረንጓዴ ውስጥ ገባ» ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ አለ። «ቅይጥ ውስጥ ነኝ» ብሎ የሚደሰትም አለ። ሁለቱም ያዩት የሰው ግቢ ነው። ቁጥሩን ለቀያሽ ስጡት፤ የደቂቃ ሥራ ነው።

እሺ፣ ሁሉም ተሟላ። ቀለሙም፣ ኤልዲፒውም፣ ውሉም ጂ ፕላስ ሰባት ይፈቅዳል እንበል። ቦታው 200 ካሬ ነው፤ 10 በ20። በሁለቱም ጎን መስኮት እንዲኖራችሁ ሁለት ሁለት ሜትር ብትለቁ ወርዱ 6 ሜትር ይቀራል። ከዚያ ላይ ደረጃው፣ ሊፍቱ፣ መተላለፊያው ይነሳል። የሚከራይ ክፍል የታለ? መኪናውስ የት ይቆማል? ከተፈቀደው ከፍታ በታች የቆመ ሕንፃ ስታዩ ባለቤቱ ገንዘብ አጥሮት ነው ብላችሁ አትፍረዱ። መሬቱ እንቢ ብሎት ሊሆን ይችላል። የቦታን ዋጋ በተፈቀደ ፎቅ ቁጥር እያበዙ ማስላት የሚያስቀኝም ለዚህ ነው። ሒሳቡ የሚጀምረው ከቦታው ቅርጽ ነው።

ካርታው ታዲያ ከንቱ ነው? በጭራሽ። እኔ ራሴ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። የማይሆኑትን ቦታዎች በአንድ ቀን ያስጥላል። ለፋብሪካ ቦታ የሚፈልግ ሰው የመኖሪያ ምድብ ውስጥ ባለ ሰፈር ሲዞር እንዳይውል ያደርጋል። ካርታው የሚረዳው ለመጣል ነው። ለመግዛት ሌላ ወረቀት ይጠይቃል።

ቀኑንም እዩ። የአዲስ አበባው 10ኛ መዋቅራዊ ፕላን የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2027 ላለው ጊዜ ነው። ዛሬ ገዝታችሁ፣ ዲዛይን አሠርታችሁ፣ መሠረት እስክትቆፍሩ ድረስ ቀጣዩ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ወደሚመለከተው ቢሮ ስትሄዱ «ቀለሙ ምንድን ነው?» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። ለዚህ ሰፈር የጸደቀ ኤልዲፒ አለ ወይ? መቼ ጸደቀ? እየተከለሰ ነው? በዚህ ይዞታ፣ በዚህ ውል የፕላን ስምምነት ምን ይላል? ሻጩ የምር ከሆነ መልሱ እስኪመጣ ይጠብቃል። ቀብዱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።