ጫት ለብዙ ዓመት ሲቃም፦ አእምሮና ሰውነት ላይ ምን ያደርሳል?

ስለ ጫት በአማርኛ የሚጻፈው አብዛኛው ወይ ስብከት ነው ወይ ሙገሳ። ጥናቶቹ ምን አሉ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው አንድ ላይ የተሰበሰበ ነገር ማግኘት ከባድ ነው፤ ይህ ጽሑፍ ለዚህ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቅጠሉ ውስጥ ያለው ዋናው ነገር ካቲኖን ይባላል። አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ የቅርብ ዘመድ ነው። ስለዚህ ሜታምፌታሚንም በሩቁ ይዛመደዋል። ካቲኖን ተለይቶ የታወቀው በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ነው። ጫቱ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ካቲን ወደሚባል ደካማ ነገር ይለወጣል። ከአወዳይ የሚወጣው ጫት ተጠቅልሎ፣ መኪናው ነፍሱን ሊስት እስኪደርስ የሚከንፈውም ለዚህ ነው። ታሪኩ ረጅም ነው፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ ሳይቀር ስሙ ይነሳል።

በርጫው ብዙ ጊዜ ከምሳ በኋላ ነው። ለጋው እየተቀነጠሰ ጉንጭ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ገራባው ወደ ጎን ይጣላል፣ ለውዝና ቀዝቃዛ ውሃ አጠገብ ይቀመጣል። መጀመሪያ ጨዋታው ይደራል። ምርቃናው ሲገባ ሁሉም ፕሮጀክት ያወጣል፣ ያልተሠራ ፎቅ ይቆማል። ማምሻው ላይ ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ሰውም ፊቱ ይከብዳል። እንቅልፍ እንቢ ስለሚል "ጨብሲ" ይመጣል፤ ምርቃናውን ለመስበር ቢራ ወይም አረቄ። በኔ እይታ ከጫቱ ጉዳት ብዙው የሚቆጠረው ከዚህ ጋር ተደምሮ ነው፣ ጥናቶች ግን ሁለቱን ለመለየት ይቸገራሉ።

በቁጥር የምናውቀውን ያህል የምናውቀው በቡታጅራ ምክንያት ነው። ቡታጅራ ላይ የኛው የአእምሮ ሐኪሞች ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ቤት ለቤት ዞረው 10,468 አዋቂዎችን ጠየቁ። ውጤቱ በ1999 ወጣ። ከተጠየቁት ግማሹ በወቅቱ ቃሚ ነበሩ፣ ከቃሚዎቹ 17.4 በመቶ ያህሉ ደግሞ በየቀኑ ይቅሙ ነበር። ይህን የሚያህል ሥራ በገጠር መሥራት ቀላል አይደለም፤ ዛሬም ስለ ጫት የሚጽፍ ሁሉ ይጠቅሰዋል፣ ይገባዋልም። የጅማ ተመራማሪዎችም በኋላ ብዙ ጥናት አክለዋል።

ወደ አእምሮ ስንመጣ በጣም የተጠቀሱት የኔዘርላንዱ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ሥራዎች ናቸው። በ2010 እና በ2011 የታተሙ ናቸው። ለረጅም ጊዜ የቃሙ ሰዎች የጀመሩትን እንቅስቃሴ በቶሎ ማቆም አቅቷቸዋል፣ አሁን ያዩትን ነገር ይዞ መቆየትም ከማይቅሙት ይከብዳቸዋል፣ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሲዞሩም ይዘገያሉ። ግን የተጠኑት ሰዎች ጥቂት ናቸው። ደግሞስ ጫቱ ነው እንዲህ ያደረጋቸው ወይስ እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው ጫት የሚወዱት? በዚህ ዓይነት ጥናት አይለይም።

የአእምሮ ሕመሙ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ሐርጌሳ ላይ 4,854 ሰዎች የታዩበትና በ2005 የታተመ ጥናት በለጋ ዕድሜ መጀመርንና በብዛት መቃምን ከከባድ የአእምሮ ሕመም ጋር አያይዟል። ሰው እየተከተለኝ ነው፣ ስለኔ እያወሩ ነው የሚል ጥርጣሬ ዋናው ምልክት ነው። ልክ ይዞ የሚቅመው ብዙው ሰው እዚህ አይደርስም። ቀድሞ የአእምሮ ሕመም ላለበት ግን ጫት አይሆንም፣ እዚህ ላይ ማንገራገር አያስፈልግም።

ጫት ከሜታምፌታሚን (ባጭሩ ሜት) ጋር አንድ ነው የሚሉ አሉ። ልክ አይደሉም። ሜት በደም ውስጥ መጠኑ በግማሽ ለመቀነስ 10 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ካቲኖን ግን በጥቂት ሰዓት ይወርዳል፣ በማኘክም ቀስ እያለ ነው የሚገባው። በ2001 አሜሪካ ውስጥ የወጡ የአንጎል ምስሎች ሜት ያዘወተሩ ሰዎች ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል መልሶ የሚሰበስበው ማጓጓዣቸው በግልጽ ቀንሶ አሳይተዋል። ወራት ካቆሙ በኋላ ብዙው ቢመለስም የማስታወስ ፈተናው ያን ያህል አልተሻሻለም። ለጫት ይህን የሚያህል ማስረጃ የለም።

ልብ ላይ ያለው ጉዳይ ግን ቀልድ አይደለም። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። የመንና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሐኪሞች ከ7 ሺህ በላይ የልብ ሕመምተኞችን ተከታትለው በ2011 እንዳሳወቁት፣ ቃሚዎቹ ሆስፒታል ውስጥ የመሞታቸውና በስትሮክ የመመታታቸው ዕድል ከፍ ያለ ነው። ሆድ ድርቀት፣ ጨጓራ፣ የድድ ቁስል፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት ማንም ቃሚ የሚያውቃቸው ናቸው። በነፍሰ ጡሮች ላይ ከሕፃኑ ክብደት ማነስ ጋር ተያይዟል።

ሲያቆሙስ? ሐራራው ይመጣል፣ ድካምና ንጭንጭ ይከተላል፣ ሌሊት ደግሞ ዱካክ አለ። ደረት ላይ ተቀምጦ የሚያንቅ፣ ጮኸው የሚነቁበት ቅዠት። ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይለቃል፣ ግን ብዙ ሰው ወደ ጫቱ የሚመለሰው እሱን ሸሽቶ ነው።

ሌላው ብዙ የማይወራለት ፀረ ተባይ ነው። ከኢትዮጵያ ገበያ ተወስዶ በተመረመረ ጫት ላይ ዲዲቲ ተገኝቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ2006 ጫቱን ራሱን በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ማስገባት አያስፈልግም ብለው ነበር። ኔዘርላንድ ግን በ2013 ከለከለች። እንግሊዝም የራሷ አማካሪ ምክር ቤት አይከልከል እያላት በ2014 ዘጋችው። ያኔ በለንደኑ አውሮፕላን ማረፊያ በሄትሮው በኩል ትኩሱ ሲገባ የለመደው ዲያስፖራ ዛሬ የሚያገኘው በፖስታ በድብቅ የሚመጣ ደረቅ ጫት ነው፤ ካቲኖኑ የቀነሰ፣ ዋጋው የጨመረ።