ውሃን የሚጠብቅ የአፈር ብክለት ገደብ ምንድን ነው?

የድሮ ማደያ ሲፈርስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የተቀበረው ታንከር ተነቅሎ ሲወጣ ጉድጓዱ ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል። አንዳንዴ አፈሩ ራሱ ጠቁሯል። ያን አፈር እስከ የት ድረስ ቆፍሮ ማውጣት ይበቃል? የአፈር ብክለት ገደብ የሚባለው ለዚህ መልስ የሚሰጠው ቁጥር ነው።

ብዙ ሰው ቁጥሩ የሚወጣው አፈሩን የሚነካው ሰው ታስቦ ይመስለዋል። እሱም ይታሰባል። የሚከብደው ግን ከሥር ያለው ውሃ ነው። ዝናቡ በአፈሩ ውስጥ እየሰረገ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይወርዳላ!

ስለዚህ ስሌቱ ከመጠጥ ውሃው ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣውን መመሪያ እንይ። ነዳጅ ውስጥ ቤንዝን የሚባል ካንሰር አምጪ ኬሚካል አለ (ከነዳጁ ከቤንዚን ጋር እንዳይምታታባችሁ)። እዚያ አገር አንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ከ5 ማይክሮግራም በላይ ቤንዝን እንዲኖረው አይፈቀድም። ከአፈሩ የወረደው ውሃ ከከርሰ ምድሩ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ይቀጥናል፤ መመሪያው 20 እጥፍ ብሎ ይነሳል። 5 በ20 ሲባዛ 100። እንግዲህ የሚወርደው ውሃ በሊትር 100 ማይክሮግራም ቢይዝ፣ የመጠጥ ውሃ ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ 5 ይሆናል ማለት ነው። ይህን ያህል የሚለቀው አፈር ስንት ቢይዝ ነው? በኪሎ 0.03 ሚሊግራም ገደማ። ከዚያ ካነሰ ይተዋል፤ ካለፈ ቦታው በደንብ ይጠናና የጽዳቱ ልክ ይወሰናል።

አሁን ይህን ተመልከቱ። ያው መመሪያ አፈሩ በአፍ ቢገባ ብሎ ያስቀመጠው የቤንዝን ቁጥር በኪሎ 22 ሚሊግራም ነበር። ከ700 እጥፍ በላይ ልዩነት! በአፍ ቢገባ አያሰጋም የተባለ አፈር ከሥሩ ያለውን ጉድጓድ ሊያበላሽ ይችላል። እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

ሁሉም ብክለት እንዲህ አይሮጥም። እርሳስ አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አፈርም ከአፈር ይለያል፤ ብስባሽ የበዛበት ቤንዝኑን ይዞ ያቆየዋል፣ አሸዋ ግን ቶሎ ይለቀዋል። ውሃው ቅርብ ከሆነ ወይም ድንጋዩ ስንጥቅ ከበዛበት ደግሞ 20 እጥፍ ይቀጥናል ብሎ ማሰብ አያዋጣም። ምንም አይቀጥንም ተብሎ ሲሰላ ቁጥሩ ወደ 0.002 ይወርዳል።

አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ቀላል የማይባለው የሚቀዳው ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። እዚያ ከሥር ያለው ስንጥቅ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የሌላ አገር ቁጥር ገልብጦ ማምጣት አይበቃም። ጋራዥ ደጃፍ ላይ የተደፋ የተቃጠለ ዘይት በዚያ ድንጋይ ውስጥ እንዴት እንደሚወርድ እዚሁ መለካት አለበት።