ጫማ ሲሰቀል የሚነሳው ክርክር፦ የጌሊክ ፉትቦል ከዋክብትና ትተውት የሚሄዱት ስም

በአየርላንድ የዓመቱ የጌሊክ ፉትቦል ውድድር ካለቀ በኋላ፣ በተለይ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ባሉት ወራት፣ አንድ ዓይነት ዜና ይበዛል። አንድ ተጫዋች ለካውንቲው፣ ማለትም ላደገበት የአገሪቱ ክፍል ቡድን፣ መጫወት ማቆሙን በአጭር መግለጫ ያሳውቃል። ቤተሰቡን ያመሰግናል፣ ክለቡን ያመሰግናል፣ አሰልጣኞቹን ያመሰግናል። መግለጫው ተነቦ ሳያልቅ ዱላ ቀረሽ ክርክር ይጀመራል። ከታላላቆቹ ተርታ ይሰለፋል ወይ? ከእገሌ ይበልጣል? ስንት ዋንጫ አለው? ዋንጫ ከሌለውስ? ሬዲዮው፣ መጠጥ ቤቱ፣ የሥራ ቦታው፣ የቤተሰብ ማዕዱ ሁሉ ስለዚያ ሰው ያወራል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ክርክር ነው፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ጨዋታው ትንሽ። አሥራ አምስት ለአሥራ አምስት ሆነው ይጫወቱታል። ኳሱ በእጅም ይያዛል፣ በእግርም ይመታል፣ በቡጢ እየተመታም ለቡድን ጓደኛ ይቀበላል። ግቡ ሁለት ረጃጅም ቋሚዎችና አንድ አግዳሚ አለው፤ ከአግዳሚው በላይ ያለፈ ኳስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነጥብ ያስገኛል፣ መረብ ውስጥ የገባ ደግሞ ጎል ይባልና ሦስት ነጥብ ነው። ጨዋታውን የሚመራው በ1884 ተርልስ በምትባል ከተማ የተቋቋመው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር ነው። ሠላሳ ሁለቱ የአየርላንድ ካውንቲዎች፣ በሰሜን አየርላንድ ያሉት ስድስቱም ጭምር፣ በዚህ ማኅበር ሥር ናቸው። ትልቁ ክብር የኦል አየርላንድ ሻምፒዮንነት ሲሆን ዋንጫው ሳም ማጓየር ይባላል። ፍጻሜው ደብሊን በሚገኘው ክሮክ ፓርክ ይደረጋል፤ ስታዲየሙ ከ82,000 በላይ ሰው ይይዛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይህን ክርክር ከሌሎች ስፖርቶች የሚለየው ተጫዋቾቹ አማተር መሆናቸው ነው። ደሞዝ የለም። ክሮክ ፓርክ በሰማንያ ሺህ ሰው ፊት የተጫወተው ልጅ ሰኞ ጠዋት አስተማሪ፣ ፖሊስ፣ የባንክ ሠራተኛ ወይም ገበሬ ሆኖ ሥራ ይገባል። የዝውውር ገበያም የለም። አንድ ልጅ ላደገበት አጥቢያ ክለብ ይጫወታል፣ ጎበዝ ከሆነ ደግሞ ለካውንቲው ይመረጣል። አለቀ። ሥራ ወይም ትዳር ወደ ሌላ ካውንቲ ወስዶት የሚቀይር አለ፣ ግን ጥቂት ነው፤ ዋንጫ ፍለጋ ብሎ የሚሄድ ደግሞ ክፉኛ ይወቀሳል። ስለዚህ ስንት ሜዳሊያ ይዘህ ጫማህን እንደምትሰቅል ግማሹን የሚወስነው የተወለድክበት ቦታ ነው። እኔ ይህን ክርክር የምወደውም በዚህ ምክንያት ነው። ሜዳሊያ መቁጠር ብቻውን የትም አያደርስም፣ ደጋፊዎቹም ያውቁታል፣ እንደዚያም ሆኖ መቁጠራቸውን አይተዉም።

ቆጠራው የሚጀመረው ከኬሪ ካውንቲ ነው። ኬሪ በ2025 ያገኘችውን ጨምሮ 39 ጊዜ የኦል አየርላንድ ሻምፒዮን ሆናለች፤ ማንም አይደርስባትም። ከ1975 እስከ 1986 በአሰልጣኝ ሚክ ኦድዋየር ዘመን ስምንት ዋንጫ ወስዳለች። በዚያ ቡድን ውስጥ የነበሩ አምስት ሰዎች፣ ፓት ስፒላን፣ ፓዲ ኦሼ፣ ማይኪ ሺሂ፣ ገር ፓወርና ኦጊ ሞራን፣ እያንዳንዳቸው ስምንት ሜዳሊያ ይዘው ወጡ። ስምንት ቁጥር ለብዙ ዓመታት የማይደፈር መስሎ ቆየ። ከዚያ ደብሊን መጣች። ከ2015 እስከ 2020 በተከታታይ ስድስት ጊዜ አሸነፈች፤ ከዚያ በፊት በወንዶች ፉትቦል ማንም ከአራት በላይ ማስከተል አልቻለም ነበር። በ2023 ፍጻሜ ደግሞ ኬሪን ስትረታ በረኛው ስቲቨን ክላክስተን፣ ጄምስ ማካርቲና ማይክል ፊትዝሲመንስ ዘጠነኛ ሜዳሊያቸውን አገኙ።

ታዲያ ዘጠኝ ከስምንት ይበልጣል? የኬሪ ሰው ወዲያው የሕዝብ ቁጥር ያነሳል። ደብሊን ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት፤ ሊትሪም የምትባለው ካውንቲ 35,000 ገደማ። ከማኅበሩ ለታዳጊዎች ሥልጠና ለደብሊን ለዓመታት የተሰጣት ገንዘብም ከሌሎቹ እጅግ የበዛ ነበር። ክሮክ ፓርክም እዚያው ከተማዋ ውስጥ ነው። የደብሊን ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ ሕዝብ በፊትም ነበር፣ ታዲያ ከ1996 እስከ 2010 ለምን አንድም ዋንጫ አልመጣም ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን ገንዘቡ ቡድኑን እንጂ ሰውየውን አያሳንሰውም ባይ ነኝ። ብራያን ፌንተንን ተመልከቱ። በ2015 በሻምፒዮና መጫወት ጀመረ፣ እስከ 2021 ግማሽ ፍጻሜ ድረስ በሻምፒዮና አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም። ሰባት ዋንጫ ወሰደ፣ ሁለት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተባለ፣ ከዚያ በ2024 ገና በ31 ዓመቱ በቃኝ አለ። ያን ያህል ዓመት መሀል ሜዳውን መቆጣጠር የገንዘብ ሥራ አይደለም።

ክላክስተን የተለየ ምዕራፍ ነው። እሱ ከመምጣቱ በፊት በረኛ ኳስ ከግብ ሲመታ እስከቻለው ርቀት ይጠልዘዋል፣ መሀል ላይ ረጃጅሞቹ ዘለው ይሻሙበታል። ክላክስተን ይህን ቀየረው። ኳሱን ቶሎ አስቀምጦ፣ ክፍት ቦታ የሚሮጠውን አይቶ፣ ደረቱ ላይ ያሳርፍለታል። ጥቃት ከበረኛ ይጀምራል የሚለው ሐሳብ በየካውንቲው ተስፋፋ፣ ከጊዜ በኋላ ያለዚህ ሐሳብ የሚጫወት ቡድን አልነበረም ማለት ይቻላል። በ2011 ፍጻሜ መጨረሻ ደቂቃ ላይ ከግቡ ወጥቶ የመታው ቅጣት ምት ደብሊንን በኬሪ ላይ በአንድ ነጥብ ሻምፒዮን አደረገ። በ2019 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ቃለ መጠይቅ አይወድም፣ ካሜራ አይወድም። ከ2020 በኋላ አንድም የስንብት ቃል ሳይናገር ከቡድኑ ጠፋ፤ ሰው ሁሉ አበቃ ሲል በ2023፣ በ41 ዓመቱ፣ ተመልሶ ዋንጫ አነሳ። ከሜዳሊያዎቹ ይልቅ ክብደት የምሰጠው ጨዋታውን መለወጡን ነው። ዘጠኝ ሜዳሊያ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ጨዋታውን በዚህ ልክ የቀየረ ግን ከእነሱ ውስጥ አንድ ብቻ ነው።

ክርክሩ የሚያምመው ወደ ሜዮ ሲሄድ ነው። ሜዮ ዋንጫውን ለመጨረሻ ጊዜ ያነሳችው በ1951 ነው። ከ1989 ወዲህ አሥራ አንድ የፍጻሜ ዓመት ደርሳ አሥራ አንዱንም ተሸንፋለች። የ1951ዱ ቡድን በድል ሲመለስ ፎክስፎርድ ላይ የቀብር ሥነ ሥርዓት ሳያከብር አልፎ ተረግሟል የሚል አፈ ታሪክ እስከ ዛሬ ይነገራል። ከዚህ ካውንቲ የወጣው ሊ ኪገን በጃንዋሪ 2023 ጫማውን ሰቀለ። ተከላካይ ነው፣ ግን በ2016 ድጋሚ ፍጻሜና በ2017 ፍጻሜ ጎል አስቆጥሯል። በ2016 ቡድኑ ተሸንፎ እንኳ የዓመቱ ምርጥ የተባለው እሱ ነው። አምስት ጊዜ በኦል ስታር፣ ማለትም በዓመቱ ምርጥ አሥራ አምስት ውስጥ፣ ገብቷል። ሜዮ በ2013፣ በ2016ና በ2017 ፍጻሜ በደብሊን የተረታችው በአንድ ነጥብ ልዩነት ነው። ሦስት ጊዜ! ሦስት ነጥብ ወደዚያ ቢያዘነብል ኖሮ ዛሬ ስለ ኪገን የሚወራው በሌላ ቋንቋ ነበር።

ስለ ኪገን ሲነሳ የማይቀር ሌላም ነገር አለ። በ2017 ፍጻሜ ማብቂያ ላይ የደብሊኑ ዲን ሮክ ወሳኝ ቅጣት ምት ሊመታ ሲንደረደር ኪገን ልብሱ ውስጥ የነበረውን የጂፒኤስ መሣሪያ አውጥቶ ወረወረበት። ሮክ አልተደናገጠም፣ አስቆጠረ፣ ደብሊንም በዚያችው ነጥብ አሸነፈች። አንዳንዱ ይህ ነውር ነው፣ ከስሙ ጋር ይኖራል ይላል። ሌላው ደግሞ ስድሳ ስድስት ዓመት የጠበቀ ሕዝብ ሸክም ትከሻው ላይ ያለ ሰው ያደረገው ነው ይላል። እኔ ከሁለተኛዎቹ ወገን ነኝ። ጥፋት ነበር፣ ግን አሥር ዓመት ሙሉ የሠራውን አይሰርዝም።

ትናንሽ ካውንቲዎች ደግሞ ከፍጻሜም በታች ነው ክርክራቸው። የሞናሃኑ ኮኖር ማክማነስ በ2024 ሲያቆም ያለ ኦል አየርላንድ ሜዳሊያ ነው። ካውንቲው ፍጻሜ የደረሰው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1930 ነው። ሁለት የአልስተር (የሰሜኑ አውራጃ) ዋንጫና ሦስት ኦል ስታር አለው። ከየትም ማዕዘን፣ በግራም በቀኝም እግሩ፣ ሁለት ሰው ተጣብቆበት ነጥብ ያስቆጥር ነበር። ኬሪ ተወልዶ ቢሆንስ የሚለው ጥያቄ እሱን ተከትሎ ይኖራል። ጥያቄው ግን ትንሽ ይከፋኛል። ሞናሃንን ለአሥራ ሰባት ዓመት ያህል ትልቅ ቡድን ፊት እንድትቆም ያደረገ ሰው ሌላ ቦታ መወለድ አያስፈልገውም።

ማክማነስ በሌላ ሰው ታሪክ ውስጥም አለ። በ2013 ሩብ ፍጻሜ ብቻውን ወደ ግብ ሲገሰግስ የታይሮኑ ሾን ካቫና ከኋላ ጠምዝዞ ጣለው። ታይሮን አሸነፈች። በቴሌቪዥን ተንታኙ ጆ ብሮሊ በንዴት ነዶ የካቫናን ተጫዋችነት ብቻ ሳይሆን ሰብእናውን ጭምር አወገዘ፣ አገር ተከፈለ። እንዲህ ያለውን ሆን ተብሎ የሚሠራ ጥፋት የሚቀጣው ጥቁር ካርድ በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ጸድቆ ስለነበር ከ2014 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ካቫና በ2017 ሲሰናበት ሦስት ሻምፒዮናና የ2008 የዓመቱ ምርጥነት ነበረው። ሰው ግን ያችን አንዲት ጠለፋ አንስቶ ይከራከር ነበር። አንድ ሰው ከአሥር ዓመት በላይ በሠራው ሳይሆን በአንዲት ቅጽበት ሲለካ አይዋጥልኝም።

ቁጥር የሚወዱ ሰዎች ሌላ መንገድ ይሞክራሉ። የኬሪው ኮልም ኩፐር፣ ሁሉም በቅጽል ስሙ ጉች የሚለው፣ በሻምፒዮና ታሪክ ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪ ነበር፤ በ2019 የሜዮው ኪሊያን ኦኮነር አለፈው። ግን ከ2001 በፊት አንድ ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን የዓመቱ ውድድሩ አበቃ ማለት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ዕድል መጣ፣ የጨዋታውም ብዛት ጨመረ። ስለዚህ የ1960ዎቹን ሰው ከዛሬው ጋር በድምር ማወዳደር ፍትሕ የለውም። ኩፐር ራሱ ስምንት ኦል ስታር አለው። እሱን ያየ ሰው ቁጥር አያነሳም፤ ኳስ ሲቀበል ጊዜ እንዴት እንደሚያገኝ ነው የሚያወራው።

ከዚህ ሁሉ ጋር የገንዘብ ጥያቄም ይነሳል። ኩፐር በ2017 ካቆመ በኋላ በስሙ ውድ የእራት ግብዣ ተዘጋጀ፤ ገቢው ከፊሉ ለበጎ አድራጎት፣ ከፊሉ ለእሱ ነበር። ግማሹ ሕዝብ ለዚያ ሁሉ ዓመት ደስታ ይገባዋል አለ። ግማሹ አማተርነት ተደፈረ፣ ነገ ሁሉም ይጠይቃል ብሎ ተቆጣ። እኔ አልቀየምኩትም። ለሻጭ፣ ለሆቴል፣ ለቴሌቪዥን ገንዘብ ያስገኘ ሰው በስንብቱ አንድ ማታ ቢከበር ማኅበሩ አይፈርስም።

የሴቶቹ ክርክር ከወንዶቹ ያነሰ ቦታ ይሰጠዋል፣ ይህ ደግሞ ስህተት ነው። ሪና በክሊና ብሪጅ ኮርከሪ፣ ሁለቱም ከኮርክ፣ በፉትቦል አሥራ አንድ፣ በካሞጊ (ኸርሊንግ የሚባለው፣ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ የሴቶች ዓይነት) ሰባት፣ በድምሩ አሥራ ስምንት የኦል አየርላንድ ሜዳሊያ አላቸው። የሜዮዋ ኮራ ስታንተን አራት ሻምፒዮናና አሥራ አንድ ኦል ስታር ይዛ ወደ አውስትራሊያ ሄዳ እዚያ ክፍያ ባለው የአውስትራሊያ ፉትቦል ተጫወተች። የምንጊዜም ታላቅ ማነው ሲባል እነዚህ ስሞች ካልተነሱ ዝርዝሩ ጎዶሎ ነው።

ደግሞ መሰናበት ሁልጊዜ መጨረሻ አይደለም። ለካውንቲ ያቆመ ሰው ለአጥቢያ ክለቡ ብዙ ጊዜ መጫወቱን ይቀጥላል፤ ደጋፊው ሜዳ ዳር ቆሞ ያየዋል። የዶኒጎሉ ማይክል መርፊ በ2012 በ23 ዓመቱ አምበል ሆኖ ዋንጫ አንስቶ፣ በ2022 ተሰናብቶ፣ ሰው ሁሉ ታሪኩን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ በ2025 ተመለሰ። ቡድኑን እስከ ፍጻሜ ይዞ ደረሰ፣ በኬሪ ተሸነፈ። በዚያው ዓመት በጂም ጋቪን የሚመራው ኮሚቴ ያመጣቸው አዳዲስ ሕጎችም ሥራ ላይ ዋሉ፤ ከ40 ሜትር ቅስት ውጭ ተመትቶ ከአግዳሚው በላይ ያለፈ ኳስ አሁን ሁለት ነጥብ ነው። ከእንግዲህ የሚሰናበቱት አጥቂዎች ድምራቸው ከኩፐርና ከማክማነስ ዘመን ጋር በምን ሂሳብ እንደሚነጻጸር ደጋፊዎቹ ከወዲሁ መከራከር ጀምረዋል።